የድምፅ ጥለት፤ የተቀረጸ ድምፅንና የተሸመነ ወረቀትን በአንድ የትዝታ ደብተር ስለ ማኖር



በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኦቶግራፍ የሚባለውን ደብተር ይዘው ከዴስክ ወደ ዴስክ ሲዘዋወሩ ሁላችንም እናያለን። በዚያ ደብተር ላይ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ የሚወደድ ምግብ፣ የሚወደድ ትምህርት፣ የወደፊት ምኞት እየተባለ ይጻፋል፤ ዳር ዳሩም በቀለም ያጌጣል። እኔ የታላቅ እኅቴን ኦቶግራፍ ገልጬ ባየሁ ጊዜ የሁሉም መልክ አለ፤ የሁሉም የእጅ ጽሕፈት አለ። «ይህችኛዋ ልጅ አሣሣቋ እንዴት ነበር?» ብዬ ብጠይቃት ግን እኅቴ ጥቂት አሰበችና «ረሳሁት» አለችኝ። ከተመረቀች ገና አራት ዓመቷ ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምፈልገው፣ መልክና ጽሕፈት በሚቀመጥበት ደብተር ውስጥ ድምፅም እንዴት ሊቀመጥ እንደሚችል ነው። ሥራው ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ድምፅ መቅረጽ፣ ወረቀት መሸመንና ሁለቱን ማገናኘት ነው። ስለ ሽመናው አብዝቼ እናገራለሁ፤ ብዙ የተቸገርሁበትና ብዙም የተማርሁበት እርሱ ነውና። ከዚያ በፊት ግን ወደዚህ ሥራ ያስገባኝን ነገር ላስቀድም።

ወንድ አያቴ፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ሽሮ ሜዳ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ዐይናቸው እየደከመ ስለ መጣ ዛሬ የሚሠሩት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ጥለቱንም ለወጣቶች ትተው ነጩን ብቻ ይሸምናሉ። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር ለሚኒ ሚዲያ ክበባችን ዝግጅት እንዲሆነኝ ስለ ሙያቸው እየጠየቅሁ ድምፃቸውን በስልኬ ቀረጽሁ። አርባ ደቂቃ ያህል ነበር። ድር እንዴት እንደሚደራ፣ መወርወሪያው ከእጅ እጅ እንዴት እንደሚያልፍ፣ በልጅነታቸው ሲማሩ ስንት ጊዜ እንደ ተቈጡአቸው ነገሩኝ። በመካከሉ ሴት አያቴ፣ ማለት እማማ፣ ከማድ ቤት ሆነው ለቡና ሲጣሩ ድምፃቸው ገባ። ያን ጊዜ በልቤ «ቀረጻዬን አበላሹብኝ» ብዬ ነበር።

እማማ በጥር ወር ዐረፉ። በመጋቢት ደግሞ ስልኬ አልሠራ ብሎኝ ወደ ጠጋኝ ወሰድሁት። ወጣቱ ጠጋኝ «ሁሉም ይጠፋል፤ የሚፈለግ ነገር አለበት ወይ?» ብሎ በሚገባ ጠይቆኛል። እኔም ፎቶግራፎቹን አስቀድሜ ወደ ኮምፒዩተር አሳልፌ ስለ ነበረ «ምንም የለበትም» አልሁት። ድምፁ ትዝ ያለኝ ቤት ገብቼ እራት ስንበላ ነው። ጥፋቱ የጠጋኙ ሳይሆን የእኔ ነው።

ዱባይ የምትሠራ አክስት አለችኝ። በጥቅምት ከአርባው ደቂቃ ላይ ጥቂት ቆርጬ «እናትሽን ስሚያቸው፤ ሰው ሥራ ላይ ሳለ እንኳ አያሳርፉም» ብዬ ለቀልድ ልኬላት ነበር። አክስቴ አልሰረዘችውም። መልሳ ስትልክልኝ ቆጠርሁት፤ 12 ሰከንድ ነው። አባባ ማጉን ሦስት ጊዜ ይመታሉ፤ እማማ «ኧረ ቡናው ቀዘቀዘ፤ ይምጡ እንጂ!» ይላሉ፤ አባባ «መጣሁ፣ መጣሁ» ብለው ይመልሳሉ፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ጸጥ ይላል፤ ከዚያ በኋላ አባባ ሳይሄዱ ማጉን እንደገና ይመታሉ። ከእማማ ድምፅ በቤተ ሰባችን የቀረው ይህ ብቻ ነው። የትዝታ ደብተራችን የመጀመሪያ ገጽ የተሠራው ለእነዚህ 12 ሰከንዶች ነው።

ወረቀትና ድምፅ የተዋወቁት ዛሬ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት የታሪክ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍን ከመሥራቱ 20 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1857፣ ኤድዋር ሌዮን ስኮት ደ ማርቲንቪል የተባለ ፈረንሳዊ ድምፅን በወረቀት ላይ የሚጽፍ መሣሪያ አውጥቶ ነበር። ወረቀቱ በጥላሸት ጠቁሮ በሚሽከረከር ነገር ላይ ይጠቀለላል፤ ድምፅ አንድ ስስ ሽፋን ሲያንቀጠቅጥ፣ ከሽፋኑ ጋራ የተያያዘ ቀጭን ጠጉር ጥላሸቱን እየጫረ የተጠማዘዘ መስመር ያወጣል። ስኮት መስመሩን በዐይን ለማጥናት እንጂ መልሶ ለማሰማት አላሰበም። ሆኖም በ1860 ከጻፋቸው ወረቀቶች አንዱን አሜሪካ አገር ያሉ ተመራማሪዎች በ2008 በኮምፒዩተር አንብበው ድምፅ እንዲያወጣ አደረጉት፤ የፈረንሳይ የሕዝብ ዜማ ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ የሴት ወይም የልጅ ድምፅ መስሎአቸው ነበር። በኋላ ግን ከድምፁ ጎን የተጻፈውን የጊዜ መለኪያ በተሳሳተ ቁጥር ስለ ተረጐሙት ዜማውን ሁለት እጥፍ አፍጥነው እንዳሰሙት ታወቀ፤ ዝግ ባደረጉት ጊዜ የወንድ ድምፅ ሆነ። ይህን ታሪክ ያመጣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በገጹ ላይ ምን መጻፍ እንደሚገባ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

በአገራችንም የተቀረጸ ድምፅ ከቀድሞ ጀምሮ ይታወቃል። በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የተቀረጸ መልእክት ልከው ነበር፤ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስለ ታዘዘ ዛሬ የለም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በፎኖግራፍ የሰጡት መልስ ግን ተጠብቆ ቆይቶ ዛሬም ይሰማል። የአንዱ መጥፋት የሌላውም መቅረት ከዕቃው መልካምነት ሳይሆን ከሰው አሳብ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለመቅረጽ ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከቤተ ሰብ የአንዱ ስልክ ይበቃል። ትልቁ ነገር ቦታው ነው። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ይልቁንም ግድግዳው ምንም ያልተሰቀለበት ሲሆን፣ ድምፅ እየተመለሰ ይደራረባል፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከተናጋሪው በስተኋላ ቢዘረጋ ማስተጋባቱ ይቀንሳል። ስልኩን በባዶ ጠረጴዛ ላይ አታኑሩት፤ ጠረጴዛው በተነካ ቍጥር በቀረጻው ውስጥ እንደ ነጐድጓድ ይሰማል፤ የታጠፈ ነጠላ ከሥሩ ይደረግለት። ከተናጋሪው አፍ አንድ ስንዝር ወይም ጥቂት በለጥ ብሎ ቢርቅ መልካም ነው። እጅግ ከቀረበ ትንፋሹ ማይክሮፎኑን እየመታ ያንኳኳል፤ እጅግ ከራቀም ከሰውዬው ይልቅ ክፍሉ ይሰማል። ጥሪ ገብቶ እንዳያቋርጥ ኔትወርኩን አስቀድሞ መዝጋት ይገባል።

ቀረጻው እንደ ተጀመረ ቀራጩ በራሱ ድምፅ ቀኑን፣ ቦታውንና የተናጋሪውን ስም ይናገር። ፈቃድ መጠየቅም ግዴታ ነው። በተለይ ትልልቅ ሰዎች ስልኩ ከፊታቸው ተቀምጦ እያዩ እንኳ የሚቀረጽ መሆኑን ላያስተውሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ «ድምፅዎን ልቀርጽ ነው፤ ይፈቅዱልኛል ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ፣ ሲጨርሱም መልሶ ማሰማት የሚገባ ነው። አባባ የራሳቸውን ድምፅ መጀመሪያ የሰሙ ጊዜ «ይህ ማነው?» ብለው ጠይቀዋል።

ሌላው ከልምድ ያገኘሁት ነገር ስለ አጠያየቅ ነው። «የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» ብትሉአቸው «ምን ታሪክ አለኝ ብለህ ነው ልጄ» ይሉና ይዘጉታል። በእጃቸው ስላለው ዕቃ ብትጠይቁአቸው ግን ታሪኩ ራሱ ይመጣል። እኔ «ይህን መወርወሪያ ማን ሰጠዎ?» ብዬ በጀመርሁት ጥያቄ አሥራ አምስት ደቂቃ ሙሉ አውርተውልኛል።

ደግሞም ድምፅ ማለት ንግግር ብቻ አይደለም። የቡና ሙቀጫ፣ የበር መንጠቆ፣ የትምህርት ቤታችን ደወል፣ ክረምት በቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ ይህ ሁሉ በትዝታ ደብተር ውስጥ ቦታ አለው። እኔ እማማን ያገኘኋቸው ልቀርጻቸው ሳላስብ ስለ ሆነ፣ ከበስተኋላ የሚገባውን ድምፅ ሁሉ እንደ ጉድፍ እንዳትቈጥሩት አደራ እላለሁ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ ቀረጻውን ሳትዘጉ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ብላችሁ ብትቆዩ የቤቱ የራሱ ድምፅ ይቀራል።

ስለ ፋይሉ ብዙ አልልም። ዋቭ የሚባለው ዓይነት በተለመደው የሲዲ ጥራት ለአንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ ኤምፒስሪ የሚባለው የተጨመቀው ዓይነት ግን በመካከለኛ ጥራት ለአንድ ደቂቃ 1 ሜጋባይት ያህል ይበቃዋል። ለማስቀመጥ የመጀመሪያው፣ ለመላክ ሁለተኛው ይሻላል።

ወረቀት መሸመን ከጥንት ጀምሮ የሕፃናት ትምህርት ሆኖ ቆይቷል። በ1837 ጀርመን አገር ባድ ብላንከንቡርግ በተባለች ከተማ የሕፃናት ማስተማሪያ የከፈተውና በኋላም «ኪንደርጋርተን» የሚለውን ስም ያወጣለት ፍሪድሪኽ ፍሬብል፣ ለልጆች ካሰናዳቸው የእጅ ሥራዎች አንዱ፣ በተሰነጠቀ ወረቀት ውስጥ ቀለም ያላቸውን የወረቀት ቁራጮች ከላይ ከሥር እያሉ ማሳለፍ ነበር። እኛ ከዚህ የምንለየው፣ ከላይና ከሥር የምንልበትን ቍጥር ከድምፁ በመውሰዳችን ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ኤ ፎር የሚባለው መጠን ያለው ወፍራም ነጭ ወረቀት፣ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ምላጭ፣ መቀስና ሙጫ ናቸው። ለማግ የሚሆነውን ቀለም ያለው ወረቀት ለመግዛት አትቸኩሉ፤ ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ከሁሉ ይሻላል፤ ወፍራምና ለስላሳ ስለ ሆነ ሳይቀደድ ያልፋል። ጋዜጣ ይቀደዳል። የከረሜላ ወረቀት ለዐይን ያምራል፤ ነገር ግን እየተንሸራተተ ያሰለቻል።

መጀመሪያ ድሩን እናዘጋጅ። ወረቀቱን በቁመቱ አስቀምጣችሁ በመካከሉ ላይ 22 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው 12 ቀጥታ መስመሮች በ5 ሚሊሜትር ልዩነት አስምሩ፤ ከላይና ከታች የሚተርፈው ወረቀት እንዳይነካ ተጠንቅቃችሁ መስመሮቹን በምላጭ ሰንጥቁ። በመስመሮቹ መካከል 11 የወረቀት ክሮች ይወጣሉ፤ እነርሱ ድር ናቸው። ትንንሽ ልጆች ይህን ክፍል ብቻቸውን አይሥሩ፤ ምላጩን ትልቅ ሰው ይያዝላቸው። ከዚያ በኋላ 8 ሴንቲሜትር ርዝመት ያላቸው 24 ባለቀለም ቁራጮች በ5 ሚሊሜትር ስፋት፣ 24 ነጭ ቁራጮች ደግሞ በ3 ሚሊሜትር ስፋት ቍረጡ። የእያንዳንዱን አንድ ጫፍ ሹል ብታደርጉት በድሩ መካከል በቀላሉ ያልፋል። ነጮቹ ለምን እንዳስፈለጉ ኋላ ይታያል፤ እኔም በመጀመሪያው ጊዜ አላወቅሁም ነበር።

ቀጥሎ ድምፁን ወደ ቍጥር መለወጥ ነው። የድምፅ መቅረጫው ፋይሉን ሲከፍት ድምፁን በሥዕል ያሳያል፤ ድምፅ በበረታበት መስመሩ ይረዝማል፤ በደከመበት ያጥራል። ያን ሥዕል በግማሽ ሰከንድ፣ በግማሽ ሰከንድ ከፋፍላችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ቍጥር ስጡት፤ ጸጥታ ከሆነ 1፣ ዝቅተኛ ከሆነ 3፣ መካከለኛ 5፣ ከፍ ያለ 7፣ እጅግ የበረታ 9። የእኔ 12 ሰከንድ ለ24 ሲከፈል እንዲህ ወጣ፤ የአባባ ሦስት ምት 9፣ 1፣ 1፣ 9፣ 1፣ 1፣ 9፣ 1፤ የእማማ ጥሪ 5፣ 7፣ 5፣ 5፣ 7፣ 3፤ የአባባ መልስ 3፣ 5፣ 3፤ ጸጥታው 1፣ 1፣ 1፣ 1፤ የመጨረሻው ምት 9፣ 1፣ 1።

ቍጥሩ የሚነግረን ባለቀለሙ ማግ ከመካከለኞቹ ድሮች ስንቱን ከላይ ሆኖ እንደሚያልፍ ነው። ለምሳሌ 5 ከሆነ በመካከል ያሉትን አምስት ድሮች ከላይ ያልፋል፤ ከግራ ሦስቱንና ከቀኝ ሦስቱን ግን ከሥር ይሄዳል። 1 ከሆነ መካከለኛዋን ድር ብቻ ይሸፍናል። ቍጥሮቹ ሁሉ ጎዶሎ የሆኑት ጥለቱ በሁለቱም በኩል እኩል እንዲሆን ነው።

እኔ በመጀመሪያው ጊዜ 24ቱን ባለቀለም ማጎች አንዱን ከሌላው አስከትዬ አገባሁና ሥራውን የጨረስሁ መሰለኝ። ገጹን ወደ ላይ ባነሣሁት ጊዜ ማጎቹ ተንሸራተው ወደ ታች ተከማቹ፤ ጸጥታው ከጥሪው ጋራ ተደባለቀ። ሙጫ ባበዛበት ይይዝ ይሆናል ብዬ ሁለተኛ ሞከርሁ፤ ወረቀቱ ረጥቦ ተጨማደደ። ሦስተኛ ጊዜ ተናድጄ ልተወው ስል አባባ «እስቲ አምጣው» አሉኝ። ዐይናቸው በደንብ ስለማያይ በጣታቸው ዳበሱት። ጥቂት ቆዩና «ልጄ፣ መደቡ የታለ?» አሉ።

አልገባኝም። እርሳቸውም የድሮ ነጠላ አስመጥተው ጥለቱን ገልብጠው አሳዩኝ። ሸማኔ ጥለት ሲሠራ ባለቀለሙን ክር አንድ ጊዜ ካሳለፈ በኋላ ነጩን ማግ ከዳር እስከ ዳር ይወረውራል፤ እንደገና ባለቀለሙን፣ እንደገና ነጩን። ጨርቁን የሚይዘው ነጩ ነው፤ ባለቀለሙ በላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ ብቻውን አይቆምም። በእኔ ወረቀት ላይ መካከለኛዋ ድር ሁልጊዜ ከሥር፣ የዳርቻዎቹም ሁልጊዜ ከላይ ስለ ነበሩ ማጎቹን የሚቆልፍ ነገር አልነበረም። ስልክ መክፈት የማይችሉት ሰው፣ እኔ ሦስት ቀን የለፋሁበትን በጣታቸው ዳብሰው አገኙት።

ስለዚህ አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ባለቀለም ማግ በቍጥሩ መሠረት አሳልፉ። ቀጥሎ አንድ ነጭ ማግ አንድ ድር ከላይ፣ አንድ ድር ከሥር እያደረጋችሁ አሳልፉ። ቀጥሎ ሁለተኛውን ባለቀለም። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ነጭ፤ ይህኛው ግን የፊተኛው ነጭ ከላይ ያለፈበትን ከሥር፣ ከሥር ያለፈበትን ከላይ እያለ ይሄዳል። ይህ መቀያየር ከተረሳ ሁሉም ይፈታል። እያንዳንዱ ማግ ሲገባ በማስመሪያ ጠርዝ ወደ ላይ ጠጋ ጠጋ አድርጉት፤ አጥብቃችሁ አትግፉት፤ ወረቀት እንደ ጥጥ አይታገሥም። 24ቱ ባለቀለምና 24ቱ ነጭ በአንድነት 19 ሴንቲሜትር ከ2 ሚሊሜትር ይሆናሉ፤ የቀረው የስንጥቁ ርዝመት ለማላወሻ ነው። ሲያልቅ ገጹን ገልብጣችሁ የማጎቹን ጫፎች በጥቂት ሙጫ አያይዙ፤ ከከባድ መጽሐፍ ሥር አሳድሩት። እኔ ሁለት ከሰዓት በኋላ ፈጅቶብኛል።

ቀለሙን እንደ ፈቃዳችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ። እኔ የሸማ ምቱን ሰማያዊ፣ የእማማን ድምፅ ቀይ፣ የአባባን መልስ አረንጓዴ አደረግሁት። ሲጨርስ ከሩቅ ለሚያየው የነጠላ ጥለት ይመስላል፤ ምቶቹ ሰፋፊ ሆነው ይታያሉ፤ የእማማ ጥሪ በመካከል ወፈር ብሎ እንደ ቅጠል ይዘረጋል፤ ጸጥታው አራት ጊዜ በተከታታይ የገባች አንዲት ቀጭን ነጠብጣብ ነው።

ገጹን ለአባባ አሳየኋቸው። ጣታቸውን እየያዝሁ «ይህ የእርስዎ ምት ነው፤ ይህ እማማ ናቸው፤ ይህ መጣሁ ያሉበት ነው» እያልሁ አስቈጠርኋቸው። እኛ በቤታችን በዚህ ቀረጻ እንሥቅባቸው ነበር፤ «መጣሁ ብለው ዋሽተው መሸመን ቀጠሉ» እያልን። አባባ ግን ጸጥታው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አቆሙ። «እዚህ ላይ ልነሣ እግሬን ከጉድጓዱ አውጥቼ ነበር» አሉ። «ኋላ አንዲት ልጨምር አልሁና መለስሁት።» ሌላ ምንም አልተናገሩም። እኔም ያን ጸጥታ መቶ ጊዜ ሰምቼው ስለ ነበረ ባዶ ነው ብዬ አስቤ ነበር፤ ቍጥሩንም 1 ብዬ የሰጠሁት በቸልታ ነው።

ከዚህ የተነሣ በገጹ ላይ የሚጻፈው ጽሑፍ ከጌጡ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የስኮትን ወረቀት ያነበቡት ሰዎች ሊቃውንት ሆነው ሳለ የተሳሳቱት አንዲት ቍጥር እንዴት እንደምትቈጠር ባለማወቃቸው ነው። ስለዚህ ከጥለቱ ግርጌ የተናጋሪዎቹን ስም፣ ቀኑንና ቦታውን፣ የድምፁን ርዝመት፣ ጥለቱ ከየት ጀምሮ እንደሚነበብ፣ አንድ ባለቀለም ማግ ስንት ሰከንድ እንደሆነና ቍጥሮቹ ምን እንደሚያመለክቱ ጻፉ። የተነገረውን ቃል ሳታሳምሩ እንደ ተነገረው ጻፉት፤ «ኧረ» የተባለው «ኧረ» ይባል። ከዚያም በድምፁ ውስጥ የማይሰማውን፣ ነገር ግን የነበረው ሰው የሚያውቀውን፣ ጠይቃችሁ ጨምሩበት። በእኔ ገጽ ላይ ስለ ጸጥታው የተጻፈው አባባ የተናገሩት ነው፤ በእርሳቸው ፈቃድ ነው የጻፍሁት።

አሁን ድምፁን ከገጹ ጋራ እናገናኝ። ለዚህ የሚቀለው ኪውአር ኮድ ነው፤ በየሱቁና በየባንኩ ለክፍያ ተለጥፎ የምናየው ባለ ብዙ ነጥብ አራት ማዕዘን ምልክት ማለት ነው። በ1994 ጃፓን አገር የመኪና ዕቃዎችን ለመከታተል የተሠራ ነው። ከፍተኛው የጥበቃ ደረጃ ተመርጦ ከተሠራ እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ቢበላሽ እንኳ ይነበባል፤ በሦስቱ ማዕዘን ያሉት ትልልቅ ምልክቶች ግን ንጹሕ መሆን አለባቸው። ድምፁን በኢንተርኔት ላይ አኑራችሁ የአድራሻውን ኮድ አሳትማችሁ ከጥለቱ አጠገብ ብትለጥፉት፣ ገጹን የሚያይ ሁሉ ስልኩን ደቅኖ ይሰማል። አንዳንድ ጓደኞቼ «ኮዱን ራሱን ለምን አትሸምነውም?» ብለውኝ ነበር። ትንሹ ኮድ በቁመት 21 በወርድ 21 ነጥብ ስላለው በጥቁር ድርና በነጭ ማግ መሸመን አይቻልም አይባልም፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ክሮቹ ጠመም ጠመም ስላሉብኝ ስልኩ እንቢ አለ። በእኔ አስተያየት ታትሞ መለጠፉ ይበቃል፤ ድካሙ ለጥለቱ ይዋል።

ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር አለ። ኮዱ ድምፁን አልያዘም፤ የያዘው ድምፁ ያለበትን አድራሻ ብቻ ነው። ድምፁ ከዚያ ከተሰረዘ ወይም አካውንቱ ከተዘጋ ኮዱ የፈረሰ ቤት ቍጥር ይሆናል፤ ሲያዩት ያው ነው፤ የሚከፍት ግን የለም። ስለዚህ ድምፁ ራሱ ከገጹ ጋራ ይኑር። ይህንም የሚያደርግልን ሜሞሪ ካርድ ነው። ትንሹ ሜሞሪ ካርድ ርዝመቱ 15 ወርዱ 11 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ መጥፋቱ ይፈጥናል፤ ለእርሱ የሚሆን የተሸመነ ኪስ መሥራት ያስፈልጋል። ኪሱ ቀላል ነው፤ ሁለት ቀለም ወረቀት አንድ ከላይ አንድ ከሥር በማለት 5 በ10 ሴንቲሜትር ሸምናችሁ ለሁለት ማጠፍ፣ ሁለቱን ጎን በመርፌና በክር መስፋት፣ አፉን ክፍት መተው ነው። ካርዱን በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ ከኪሱ ውስጥ ክተቱት፤ በፖስታውም ላይ ምን እንዳለበት ጻፉ።

ሜሞሪ ካርድም ቢሆን የዘለዓለም ዕቃ አይደለም። እኛ ቤት የተስማማነው፣ ድምፁ በሦስት ቦታ እንዲኖር ነው፤ አንዱ በደብተሩ ኪስ፣ ሁለተኛው በቤት ኮምፒዩተር፣ ሦስተኛው አክስቴ ዘንድ። በየዓመቱ በእንቍጣጣሽ ሁሉንም ከፍተን ልንሰማና ወደ አዲስ ካርድ ልንገለብጥ ተነጋግረናል። አክስቴ የገጹንም ግልባጭ ስለ ፈለገች ሁለተኛ እየሸመንሁላት ነው፤ ስልክ ላይ ያለውን ፎቶግራፍ ብልክላት «በእጄ ልዳብሰው እንጂ» አለችኝ። አባባም እንደገና ለመቀረጽ እሺ ብለዋል፤ ያ አርባ ደቂቃ ባይመለስም መወርወሪያውን ማን እንደ ሰጣቸው ከመጀመሪያው ነግረውኛል፤ በዚህ ጊዜ ከቀድሞው የተለየ ሰው ስም ስለ ጠሩ ሁለቱንም ጽፌአለሁ።

ይህን ሥራ ለመሞከር የሚፈልግ ተማሪ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ሚኒ ሚዲያ ክበብ ክፍል ይምጣ። ሁለት መቀስ፣ አንድ ረጅም ማስመሪያና አንድ ኮምፒዩተር አለን። ያለፈ ዓመት ካላንደር ከየቤቱ ይዞ መምጣት ያስፈልጋል፤ ከመምጣቱም በፊት በስልኩ ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጦ ይምጣ።